«ይቻላቸዋል»፤ የአንድ ግሥ ዋጋ



ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲጓዙ፥ ከጐሐ ጽዮን ቍልቍል ወርደው ዓባይን ከተሻገሩ በኋላ፥ ዳገቱን ጨርሰው አፋፉ ላይ የሚያገኟት የጐጃም ከተማ ደጀን ናት። ደጀን ማለት በአማርኛችን ከፊት ለተሰለፈ ጦር ከኋላ ሆኖ የሚያግዝ ኃይል ነው፤ አጋዥ ነው እንጂ አዛዥ አይደለም። በአጋዥና በአዛዥ መካከል ያለው ልዩነት የአንዲት ፊደል ልዩነት ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ልዩነት አገርን ለጦርነት ሊያደርስ እንደሚችል ታሪካችን ይመሰክራል።

ዛሬ የእስፓኛን ቋንቋ የሚማር ሰው በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ «ሲርባሴ» የሚል ቃል ያገኛል። ይኸውም እኛ «እባክዎ ይህን ይፈጽሙልን» ብለን በትሕትና የምንጽፈው ነው። ግሡ «ሰርቢርሴ» ሲሆን፥ ሥሩ ማገልገል የሚል የላቲን ቃል ነው። «ዴ» የሚል መስተዋድድ ሲከተለው ግን በአንድ ነገር መጠቀም ማለት ይሆናል። እንደዚሁም «ኮንሴንቲር» የሚለው ሌላው ግሥ መፍቀድ ወይም መስማማት ማለት ነው፤ ስለ ልጅ ሲነገር ደግሞ ማሞላቀቅ ማለት ይሆናል። እንግዲህ ተማሪው ግሡን ብቻ አጥንቶ አይበቃውም፤ ከፊቱና ከኋላው የቆሙትን ቃላት ጭምር መመርመር አለበት።

የኢጣልያ ቋንቋም ከዚያው ከላቲን የተወለደ ስለ ሆነ እነዚህ ሁለት ግሦች አሉት። በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በወሎ፥ በውጫሌ፥ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና በኢጣልያው መልእክተኛ በኮንት አንቶኔሊ መካከል በተፈረመው ውል፥ በ17ኛው አንቀጽ ላይ ሁለቱም ተጣምረው ተገኙ። የአማርኛው ጽሑፍ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የኢጣልያንኛው ግን «ኮንሴንቴ ዲ ሰርቪርሲ» ይላል፤ ይህም በኢጣልያ መንግሥት ለመገልገል ተስማምተዋል ማለት ነው። የፊተኛው መብት ነው፤ ቢፈልጉ ይሠሩበታል፥ ባይፈልጉ ይተዉታል። የኋለኛው ግን እንደ ግዴታ ሊተረጐም የሚችል ነው። ከዚህም በላይ በ19ኛው አንቀጽ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም የሚስማሙና እኩል ሥልጣን ያላቸው ናቸው ተብሎ ነበር።

ኢጣልያ ግሡን እንደ ግዴታ ተረጐመችው። በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር መሆኗን ለኤውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ ንግሣቸውን ለማስታወቅ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ በጻፉ ጊዜ፥ የመልእክት መንገድ በኢጣልያ በኩል እንደ ሆነ የሚያስረዳ መልስ መጣላቸው። ደጀን ይሆናል የተባለው በረኛ ሆኖ ተገኘ!

ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም 1883 ዓ.ም. ለኢጣልያ ንጉሥ ለኡምቤርቶ ጽፈው ልዩነቱን አመለከቱ። እቴጌ ጣይቱም የኢጣልያን ትርጓሜ አጥብቀው ተቃወሙ። ንግግሩ ፍሬ ስላላፈራ በ1885 ዓ.ም. ውሉ ፈረሰ። እርግጥ ነው፥ ኢጣልያ መሬት የመያዝ ምኞት ስለ ነበራት ጦርነቱን ያመጣው ግሡ ብቻ ነው አይባልም፤ ይሁን እንጂ ምኞቷ ሕጋዊ መስሎ የገባበት በር ይኸው ግሥ ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የጐጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሠራዊት ጭምር ከየአውራጃው የተሰበሰበው ጦር መልሱን ሰጠ። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውልም የውጫሌው ተሽሮ፥ የኢትዮጵያ ነፃነት ያለ አንዳች ገደብ ታወቀ። በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ግን ከዓድዋ አልተመለሱም።

አንተም በጽሕፈት ቤትህ ተቀምጠህ «ይችላል»፥ «ይገባዋል»፥ «ተስማምቷል» እያልህ የምትጽፍ ወንድሜ፥ አንቺም እኅቴ፤ ብዕር ከማንሣታችሁ በፊት ግሡን መዝኑት። በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ሲቀርብላችሁም ሁለቱን ሳታስተያዩ አትፈርሙ። አባቶቻችን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ብለዋል፤ በማኅተም የወጣማ ከአፋፉም አልፎ ገደል ይገባል። የደጀንን ዳገት የወጣ ሰው፥ ከገደል መመለስ ምን ያህል ድካም እንደ ሆነ ያውቀዋል።