የሚራገፈው ልጣጭ

የድሬዳዋው ቀፊራ ገበያ በረፋድ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ይሻላል። የሽንኩርት ሻጮቹ እጅ አያርፍም፤ ቀዩን ሽንኩርት በመዳፍና በመዳፍ መሀል አሸት አሸት አድርገው ደረቁን ልጣጭ ያራግፉታል። ሽንኩርቱ ሲያብረቀርቅ ገዢ ይጠራል፣ ልጣጩን ነፋስ ይወስደዋል። ኩዌርሴቲን የሚባለው፣ ከዕፅዋት ውህዶች ከፍላቮኖይዶች አንዱ፣ ግን በብዛት የሚገኘው እዚያው በሚጣለው ላይ ነው።

የፍላቮኖይድ ዝና የጀመረው ከሽንኩርት ሳይሆን ከጎረቤቶቹ፣ ከሎሚና ከበርበሬ ነው። ድሬዳዋ በፋሺስት ጦር እጅ በወደቀችበት በ1928 ዓ.ም. ሃንጋሪያዊው አልበርት ሴንት-ጊዮርጊና ባልደረቦቹ አንድ ነገር ጻፉ፦ ደም ሥራቸው እየሳሳ ለሚደሙ ሕመምተኞች ንጹሕ ቫይታሚን ሲ ሳይበጅ፣ የሎሚና የፓፕሪካ ጭማቂ በጅቷል። ፓፕሪካ የእኛው በርበሬ ዘመድ ነው። በጭማቂው ውስጥ ያገኙትን ፍላቮኖይድ «ቫይታሚን ፒ» አሉት። ቫይታሚንነቱ ስላልተረጋገጠ ስሙ እ.ኤ.አ. በ1950 ተሰረዘ። ቸኩሎ ክርስትና ማንሳት የሳይንስም አመል ነው።

ከዚያ ወዲህ የፍላቮኖይድ ምርምር ወደ ቆሽት ካንሰርም ዞረ። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ የተሸሸገ ነው፤ ካንሰሩም ድምፁን አጥፍቶ ስለሚያድግ አብዛኛው ሕመምተኛ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ቀዶ ሕክምና አምልጦታል። ሚያፓካ-2 የሚባሉት ህዋሶች እ.ኤ.አ. በ1975 ከአንድ የ65 ዓመት ሰው የቆሽት ዕጢ ተወስደው ዛሬም በየላቦራቶሪው ይራባሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ኩዌርሴቲን ሲነካቸው ሚቶኮንድሪያቸው ሳይቶክሮም ሲ የተባለውን ፕሮቲን ያፈሳል፤ ያ ሲፈስ ህዋሱ በራሱ ላይ ሞት ይፈርዳል። በአይጦችም ዕጢው እድገቱ ቀነሰ፣ ወደ ሌላ አካል መዛመቱም ተገታ። ሩቲን ግን ህዋሶቹን እንዲህ አላደረጋቸውም። ሩቲን ማለት ደግሞ ስኳር የተለጠፈበት ኩዌርሴቲን ነው እንጂ ባዕድ አይደለም!

ታዲያ ሽንኩርት መድኃኒት ሆነ ማለት ነው? አልሆነም። ወጥ ከበላን በኋላ ደማችን ውስጥ የሚገኘው ኩዌርሴቲን ተመራማሪዎች ህዋሶቹ ላይ ከሚያፈሱት በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው፤ አንጀት ሁሉንም አያሳልፍም፣ ያለፈውንም ጉበት ይለዋውጠዋል። በዚህ ተስፋ ኪሞቴራፒ የሚያቋርጥ ሰው ቢኖር ከልቤ አዝናለሁ።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ አንዲት እናት መደብ ፊት ቆምኩ።

«እማማ፣ ልጣጩን አያራግፉብኝ።»

«ለምን? ሚዛን ሊያነሳብህ?»

ሁለት ኪሎ ከነልጣጩ መዘኑልኝ። ምራቂዋን አንዷን ሽንኩርት ግን እንደ ልማዳቸው አሸት አድርገው፣ አራግፈው ነው የጨመሩልኝ።