የክትባት ዋጋ ከፋዩ ማነው? በአሜሪካ የኢንሹራንስ ግዴታ አመጣጥ

ኤፕሪል 12 ቀን 1955 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) የዶክተር ጆናስ ሶልክ የልምሻ በሽታ ክትባት አስተማማኝ መሆኑ በአን አርበር ከተማ በተገለጸ ጊዜ፥ በአሜሪካ ወላጆች ዘንድ የተሰማው ደስታ ከፍ ያለ ነበር። ነገር ግን ደስታው ሳይበርድ፥ ለክትባቱ የሚከፍለው ማነው የሚል ክርክር ተነሣ። የሀገሪቱ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ለክፍላተ ሀገር የገንዘብ ርዳታ ፈቀደ፤ በ1962ም ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የክትባት ርዳታ ሕግን ፈረሙ። ሁለቱም ገንዘቡን ከመንግሥት ካዝና የሚያወጡ እንጂ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን የሚያስገድዱ አልነበሩም።

የግል ኢንሹራንስ በመሠረቱ ለሕመምና ለሆስፒታል ወጪ የቆመ ስለ ነበረ፥ ጤነኛ ልጅን ማስከተብ ብዙ ጊዜ ከውሉ ውጭ ሆኖ መቆየቱ አያስደንቅም። ጉዳቱ የታየው ከ1989 እስከ 1991 በተነሣው የኩፍኝ ወረርሽኝ ነው። ከ55,000 የሚበልጡ ሰዎች ታመሙ፤ ከ120 በላይ ሞቱ። ከታመሙት ሕፃናት ብዙዎቹ ያልተከተቡ ነበሩ፤ ይኸውም ሐኪም ፊት ሳይቀርቡ ቀርተው አይደለም። በ1993 የወጣው ሕግ ይህን ቀዳዳ ለመድፈን የታሰበ ሲሆን፥ ከ1994 ጀምሮ መንግሥት ክትባቱን ራሱ እየገዛ ኢንሹራንስ ለሌላቸው ልጆች በሐኪሞች እጅ በነጻ ያድላል። ሐኪሙ ለመርፌው አገልግሎት ጥቂት ሊያስከፍል ይችላል፤ መክፈል ያቃተውን ልጅ ግን ሳይከትብ ሊመልስ አይፈቀድለትም።

ኩባንያዎችን በመላ ሀገሪቱ በግልጽ ያስገደደው የ2010 የጤና ሕግ ነው። በእኛ አስተያየት የዚህ ሕግ ቁም ነገር ያለው በአጻጻፉ ነው። የክትባቶችን ስም አልዘረዘረም፤ በ1964 የተቋቋመው የክትባት አማካሪ ኮሚቴ የመከረውን፥ ኩባንያዎቹ ከታካሚው ምንም ሳይቀበሉ እንዲከፍሉ አዘዘ እንጂ። (ከሕጉ በፊት የነበሩና ብዙ ያልተለወጡ ውሎች ከግዴታው ነጻ ወጡ።) እንግዲህ ለምክር ብቻ የተሰበሰበ ጉባኤ የኩባንያዎችን ገንዘብ የሚያዝ ሆነ ማለት ነው። አሠራሩ አዲስ ክትባት በተገኘ ቁጥር አዲስ ሕግ ከማውጣት ያድናል፤ ሆኖም የኮሚቴው ሰዎች ሲለወጡ የታካሚው መብት አብሮ ሊለወጥ ይችላል። በጁን 2025 የጤና ሚኒስትሩ 17ቱን የኮሚቴ አባላት በሙሉ ባሰናበቱ ጊዜ፥ ክርክሩ ከሕክምና አልፎ ወደ ኢንሹራንስ ውል የገባው ከዚህ የተነሣ ነው። አንዳንድ ክፍላተ ሀገር የየራሳቸውን ግዴታ ደነገጉ። ይሁን እንጂ በ1974 በወጣው የፌዴራል ሕግ ምክንያት፥ አሠሪያቸው ከራሱ ገንዘብ እየመደበ የሚያሳክማቸውን ሠራተኞች የክፍለ ሀገር የኢንሹራንስ ሕግ አይደርስላቸውም።