ዓለም መነሻ አለውን?

ውድ አንባቢ ሆይ! በደርግ ዘመን በሥራ ወይም በትምህርት ገበታ ላይ ከነበሩ የውይይት ክበቡን አይዘነጉትም። «ቁስ አካል ዘላለማዊ ነው፤ አልተፈጠረም፣ አይጠፋምም» የሚለው ትምህርት በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው ይሰጥ ነበር። ያ መንግሥት በዓሎቻችንን በ1967 ዓ.ም. ብሔራዊ በዓላት አድርጎ ማወጁ አይካድም። ያው መንግሥት ግን በሳይንስ ስም ፈጣሪ የለም የሚል ትምህርት ለልጆቻችን አስተማረ። ልጁ ጥያቄውን ይዞ ወደ ቤት ሲመጣ ብዙ አባት «አስተግፊሩላህ በል!» ከማለት ያለፈ መልስ አልነበረውም። ዝም ያሰኙት ልጅ ደግሞ ጥያቄውን አይተውም፤ መልስ ፍለጋ ወደ ካድሬው ይመለሳል።

ካድሬው ግን ያልነገረው ነገር ነበር። ቤልጂየማዊው ዦርዥ ለሜትር ሕዋው እየሰፋ መሆኑን በ1927 እ.ኤ.አ. ጽፏል፤ ኤድዊን ሀብል በ1929 የጋላክሲዎችን መራራቅ በልኬት አሳየ፤ በ1965 ደግሞ ፔንዚያስና ዊልሰን ከጥንቱ ግለት የተረፈውን ጨረር አገኙ። ዛሬ ሊቃውንቱ መስፋፋቱ የጀመረው ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው ይላሉ። ከዚህ ተነስተው «ሳይንስ ኢማናችንን አረጋገጠልን» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ከዚያ በፊት ምን እንደነበረ ሳይንሱ ገና አልቋጨም፤ ነገ ንድፈ ሐሳቡ ቢለወጥ ኢማናችንም አብሮ ሊለወጥ ነውን? ለሜትር ራሱ ቄስ ሆኖ ሳለ ግኝቱን ለሃይማኖት ማስረጃ ማድረግን አልወደደም።

ጥያቄው ለእኛ ዑለማ አዲስ አልነበረም። ኢብኑ ሲና (በ1037 እ.ኤ.አ. ያረፉት) የአላህን መኖር አልካዱም፤ ዓለም ግን ብርሃን ከፀሐይ እንደማይለይ ሁሉ ከአላህ ጋር ሁልጊዜ የነበረ፣ በጊዜ መነሻ የሌለው ነው ይሉ ነበር። በባግዳድ ኒዛሚያ መድረሳ ያስተምሩ የነበሩት ኢማሙ ገዛሊ ይህን ሲሰሙ ለማውገዝ አልተቻኮሉም። ከማስተማር በተረፋቸው ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል የፈላስፎቹን መጻሕፍት ብቻቸውን አነበቡ። ሐሳባቸውን የሚዘረዝር «መቃሲድ አል-ፈላሲፋ» የተሰኘ መጽሐፍም ጻፉ፤ ይህ ወደ ላቲን ሲተረጎም አውሮፓውያን ገዛሊን ከፈላስፎቹ ወገን ቆጠሯቸው። መልሳቸው «ተሃፉት አል-ፈላሲፋ» ሃያ ጉዳዮችን ሲያነሳ የመጀመሪያው ይኸው የዓለም መነሻ ነው።

አንዱ ክርክራቸው እንዲህ ነበር። በዘመኑ ሥነ ፈለክ ፀሐይ ዑደቷን በአንድ ዓመት፣ ዙሐል (ሳተርን) በ30 ዓመት ይፈጽማሉ። ዓለም መነሻ ከሌለው የሁለቱም ዙር ቁጥር ስፍር የለውም፤ ሆኖም የአንዱ የሌላዋ ሠላሳኛ ነው። ማለቂያ የሌለው ነገር እንዴት የማለቂያ የሌለው ሠላሳኛ ይሆናል? (የዛሬ የሒሳብ ሊቅ ለዚህ መልስ አያጣም።) ለእኔ ይበልጥ የሚያጠግበኝ የተምሩ ምሳሌ ነው። ፈላስፎቹ «ጊዜው ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆነ አላህ ለምን ያንን ጊዜ መረጠ?» ሲሉ፣ ገዛሊ በምንም የማይለያዩ ሁለት ተምሮች ፊቱ የቀረቡለት፣ አንዱን ብቻ መውሰድ የሚችል ሰው አመጡ። ይህ ሰው ምክንያት አጣሁ ብሎ በረሃብ አይሞትም፤ አንዱን ያነሳል። ፈቃድ ማለት ከተመሳሳዮች አንዱን የሚለይ ነው። ውድ አንባቢ፣ በማፍጠሪያ ሰዓት ራስዎ ይሞክሩት።

በዚያው መጽሐፍ መግቢያ ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ በፀሐይና በምድር መካከል ስትገባ መሆኑን በዲን ስም የሚክድ ሰው ዲኑን እንደሚጎዳ አስጠንቅቀዋል።

በ1109 እ.ኤ.አ. የገዛሊ «ኢሕያእ» በቆርዶባ ተቃጠለ። በ1195 ደግሞ ለፈላስፎቹ የተከራከሩት የቆርዶባው ኢብኑ ሩሽድ ተግዘው የፍልስፍና መጻሕፍታቸው እንዲቃጠሉ ታዘዘ። የኢብኑ ሩሽድ መልስ «ተሃፉት አል-ተሃፉት» ግን ዛሬም ይነበባል፤ የገዛሊን ቃል በየክፍሉ እያሰፈረ ከሥሩ መልሱን ስለሚጽፍ ያን አንድ መጽሐፍ የከፈተ ሰው ሁለቱን ሸይኾች ሲከራከሩ ይሰማል።