ለገሃር፦ የአንድ ጣቢያ ሕንፃ ፊትና ጀርባ



ከከሚሴና ከአካባቢዋ የመጣችሁ «ለገሃር» የሚለው ስም የኦሮምኛ ሊመስላችሁ ይችላል። ለገጣፎንና ለገዳዲን ለሚያውቅ ጆሮ «ለገ» ወንዝ ነውና። የስሙ ምንጭ ግን «ላ ጋር» ማለትም ባቡር ጣቢያ የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ሕንፃውም እንደ ስሙ ጠጋ ብለው ካልጠየቁት ያሳስታል።

ዐፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ በሌላ ከተተካ በኋላ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ዛሬ የምናየው ሕንፃ ግን የተመረቀው ኅዳር 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው። ባቡሩ ያለዚህ ሕንፃ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ሠርቷል ማለት ነው። ታዲያ ለምን አስፈለገ?

መልሱ ከፊቱ ላይ ይነበባል ብዬ አምናለሁ። ግራና ቀኙ የተመጣጠነው የአውሮፓ ጥንታዊ ሥርዓት ወደ ከተማይቱ ዋና ጎዳና ይመለከታል፤ ሐዲዱ በጀርባው ነው። በቀጣዩ ዓመት ለዘውድ በዓሉ የመጡት የውጭ መልእክተኞች የወረዱት እዚሁ ነበር። ሕንፃው ለባቡሩ ብቻ ሳይሆን፣ መንግሥት ለእንግዳ ሊያሳየው ለወደደው ገጽም ተሠራ።

ጀርባው ደግሞ ሌላ ታሪክ ይዟል። 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው መስመር የአገሪቱን ንግድ ወደ ጅቡቲ ሲስብ፣ ወሎ ከሐዲዱ ውጭ ቀረ፤ ከሚሴም የመኪና መንገድ ከተማ ሆነች።

አዲሱ የባቡር መስመር በ2009 ሥራ ሲጀምር መነሻው ከለገሃር ራቀ። በ2011 ደግሞ በአካባቢው ሰፊ የመልሶ ማልማት ፕሮጀክት ይፋ ሆነ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለቅርስ ጥበቃ ይሰጣል። ስጋቴ ፊቱ ብቻ ተጠብቆ ሐዲዱ፣ መጋዘኑና የሥራ መዝገቡ እንዳይጠፉ ነው። ያለ እነርሱ ለገሃር የሚያምር ግድግዳ እንጂ የታሪክ ምስክር አይሆንም።

ዛሬ ከአዋሽ ወደ ኮምቦልቻ የተዘረጋው ሐዲድ የእናንተን ዞን ያቋርጣል። ሰነዱን ከአሁኑ ሰብስቡ፤ መሬቱን የለቀቀውን ገበሬና የሠራውን ሠራተኛ ጠይቁ። እኛ ለለገሃር ዘግይተናል፤ እናንተ ግን ገና ጊዜ አላችሁ።