«ስፖንሰር አለው»፦ ልጅን በሩቅ የማሳደግ ታሪክ

በአዲስ አበባ ልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ፣ በጌጃ ሰፈርና በአብነት መንደሮች ላደገ ሰው «ስፖንሰር አለው» ማለት ብዙ ነገር ነው። ልጁ ደብተርና ዩኒፎርም አይቸግረውም፤ ቢታመም የሚያሳክመው አያጣም፤ በዓል ሲደርስ ለቤተሰቡ ዘይትና ዱቄት ይመጣል። በዓመት አንድ ሁለቴ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ ከጓደኞቹ ጋር አግዳሚ ላይ ተደርድሮ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ስሙን፣ ክፍሉን፣ የሚወደውን ትምህርት ያሰፍርና ከሥሩ ቤት ወይም ላም ይሥላል። ደብዳቤው ተተርጉሞ ባሕር ይሻገራል። ወራት ቆይቶ መልስ ሲመጣ ልጁ በደስታ ይቀበላል፤ ስፖንሰር ያላገኘች ታናሽ እኅቱ ግን ዳር ቆማ ታያለች። የዚህ አሠራር ጥቅሙም ጉድለቱም በዚሁ ቤት ውስጥ ይታያል።

ከጦርነት የተወለደ አሠራር

እ.ኤ.አ. በ1937 የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሜዳ ላይ ለጣላቸው ሕፃናት ዛሬ ፕላን ኢንተርናሽናል የምንለው ድርጅት ተቋቋመ። በዓመቱ አሁን ቻይልድፈንድ የሚባለው ለቻይና ሕፃናት ተመሠረተ። አሠራሩ የተስፋፋው ግን ከኮሪያ ጦርነት ጋር ነው። ኮምፓሽን የተጠነሰሰው በ1952 የኮሪያን ወላጅ አልባ ሕፃናት ለመርዳት ሲሆን፣ ወርልድ ቪዥንም የስፖንሰርሺፕ ፕሮግራሙን በዚያው አገር በ1953 ጀመረ።

እዚህ ላይ ልንረሳው የማይገባ የራሳችን ታሪክ አለ። በዚያው በ1953 ኮሪያ የዘመቱት የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ዶንግዱቾን በተባለች የኮሪያ ከተማ «ቦሁዋ» የሚባል የሕፃናት ማሳደጊያ ከፈቱ። ከደመወዛቸው እያዋጡ ጦርነቱ ወላጅ ያሳጣቸውን ልጆች አበሉ፣ አለበሱ። የዓለም ታላላቅ ድርጅቶች ሥራውን በጀመሩበት ሰሞን ኢትዮጵያውያን ሰጪዎች ነበሩ።

ከሰጪነት ወደ ተቀባይነት

ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነገሩ ተገለበጠ። የ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ፣ ቀጥሎም የ1977ቱ፣ ኢትዮጵያን በዓለም ፊት የተራበ ሕፃን አገር አድርገው ሣሏት። በመካከሉ ግን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግሸን ማርያም ለንግሥ የሄዱት አበበች ጎበና በረሃብ ከተጎዱት ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከዚያ ቤት የተነሣው ድርጅት ብዙ ሺህ ልጆችን አሳድጓል፤ እሳቸውም እስካረፉበት እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ የእነዚያ ሁሉ እናት ሆነው ኖረዋል።

የ1977ቱ ረሃብ ለውጭ ድርጅቶችም ትምህርት ሆነ። እናቱ እየተራበች፣ ምንጩ ደርቆ፣ መሬቱ ተራቁቶ አንድ ልጅ ብቻ መርጦ መመገብ የትም አያደርስም። በሰሜን ሸዋ አንጾኪያ ሸለቆ የእርዳታ መጠለያ በነበረበት አካባቢ ወርልድ ቪዥን ዛፍ ወደ መትከል፣ ውኃ ወደ ማውጣትና እርሻ ወደ ማሻሻል ዞረ። ከዚያ ወዲህ የስፖንሰሩ ገንዘብ በልጁ ስም ቢመጣም ለአካባቢው ሁሉ የሚውልበት አሠራር እየሰፋ ሄደ።

ነቀፌታም አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1998 የቺካጎ ትሪቢዩን ጋዜጠኞች ራሳቸው ስፖንሰር ሆነው ድርጅቶቹን መረመሩ፤ ማሊ ውስጥ ስፖንሰር ያደረጓት ሕፃን ከሞተች በኋላም ገንዘቡ ሲሰበሰብ እንደነበር አጋለጡ። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2013 ብሩስ ዋይዲክና ባልደረቦቹ በስድስት አገሮች ያካሄዱት ጥናት የኮምፓሽን ልጆች ከሌሎቹ ከአንድ ዓመት በላይ የሚበልጥ ትምህርት እንዳገኙ አሳይቷል። አሠራሩ መስተካከል የሚያሻው እንጂ የሚናቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ወርልድ ቪዥን ስፖንሰሩ ከፎቶ መካከል ልጅ መምረጡን ገልብጦ፣ ልጁ ስፖንሰሩን የሚመርጥበትን መንገድ ጀመረ።

በእኛ ዘንድ የተለወጠው

በአገራችንም ሕጉና ኑሮው ተለውጠዋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ ሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ ልጅን በማሳደጊያ ተቋም ማኖርን የመጨረሻ አማራጭ አደረገው፤ በ2010 ደግሞ የውጭ ጉዲፈቻ ታገደ። ልጁ በወገኑ መካከል እንዲያድግ ከተባለ ወገኑ አቅም ሊኖረው ይገባል።

ልደታ ይህን በቅርብ አይታለች። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሮጌዎቹ የቀበሌ ቤቶች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ሲቆም ጎረቤት ከጎረቤት ተለያየ። በሰፈር ላይ የተተከለ እርዳታ ሰፈሩ ሲበተን ልጁን ተከትሎ መሄድ ይቸግረዋል። ከ2012 ጀምሮ ግን አዲስ አበባ በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ዩኒፎርም፣ ደብተርና ምገባ ማቅረብ ጀመረች። ቀድሞ ስፖንሰር ላለው ልጅ ብቻ ይሰጥ የነበረውን አሁን እኅቱም ከእሱ ጋር በአንድ ማዕድ ትካፈለዋለች። በእኔ እምነት በዚህ ረጅም ታሪክ ውስጥ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው።

ምገባው የማይደርስበት ችግር አለ፤ የቤት ኪራይ፣ ሕክምና፣ ወላጅ የሞተበትን ልጅ የሚያሳድጉ አያት ቀለብ። ይህን ሁልጊዜ ከባሕር ማዶ መጠበቅ የለብንም። በሲስተር ዘቢደር ዘውዴ የተመሠረተው ሜሪ ጆይ ኢትዮጵያውያን ለኢትዮጵያውያን ልጆች በየወሩ የሚከፍሉበትን መንገድ አሳይቷል። ኮሪያም ምስክር ናት፤ ልጆቿ በሰው እርዳታ ያደጉባት አገር ዛሬ የሌላ አገር ልጆችን ስፖንሰር ታደርጋለች፣ የኢትዮጵያንም ጭምር።

ስለዚህ በልደታም ሆነ በሌላው ሰፈር ያላችሁ የዕድር ዳኞች፣ የሰንበቴና የማኅበር አባላት፣ በዚያ ደብዳቤ ያደጋችሁ የዛሬ ሠራተኞች፦ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ለአካባቢያችሁ ልጆች በየወሩ የሚዋጣ አንድ መዝገብ ክፈቱ። የቃኘው ወታደር ከቁራሽ ደመወዙ ለማያውቀው ልጅ ከፍሏል፤ እኛም ለምናውቀው እንክፈል።