ዱቄት ያልደረሰለት ጦር፦ የ1791 የኦሃዮ ዘመቻና የቴዎዶር ሩዝቬልት ፍርድ

ኖቬምበር 4 ቀን 1791 (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ገና ጎህ ሲቀድ፣ በዛሬዋ ኦሃዮ ምዕራባዊ ዳርቻ በዋባሽ ወንዝ መነሻ የሰፈረው የአሜሪካ ጦር ተከበበ። ወደ 1,400 ከሚጠጋው ሠራዊት ረፋዱ ላይ ከ600 በላይ የሚሆነው ሞቶ ነበር። ያሸነፉት በማያሚው መሪ በሊትል ተርትልና በሾኒው መሪ በብሉ ጃኬት የሚመሩት የነባር ሕዝቦች ኅብረት ተዋጊዎች ናቸው። የአሜሪካ ጦር ከነባር ሕዝቦች ጋር ባደረገው ውጊያ ሁሉ ይህን የሚያህል ሽንፈት አልገጠመውም።

ስለ ውጊያው ውሎ የተጻፈው ብዙ ነው። ዋይሊ ሶርድ በ1985፣ ኮሊን ካሎዌይ ደግሞ በ2015 ባሳተሟቸው መጻሕፍት የዕለቱ አሰላለፍ፣ የመድፈኞቹ እልቂትና የሽሽቱ ሁኔታ በሚገባ ስለተነገረ እዚያ ላይ የምጨምረው የለም። ክርክሬ ከእነሱ ከቀደመውና በብዙ አንባቢ አእምሮ ውስጥ አሁንም ከሚገዛው ትረካ ጋር ነው። ቴዎዶር ሩዝቬልት ፕሬዚዳንት ከመሆኑ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በ1896 በታተመው የ«ምዕራብን ማቅናት» 4ኛ ቅጽ፣ የሽንፈቱን ሸክም በሰዎቹ ትከሻ ላይ ጭኗል። በእሱ አተራረክ ምልምሎቹ በርካሽ ደመወዝ ከከተማ ጎዳና የተለቃቀሙና ሥልጠና ያልቀመሱ ናቸው፤ አዛዡ ጄኔራል አርተር ሴንት ክሌርም በሪህ የሚሰቃይ፣ ለዚህ ዓይነቱ ጦርነት የማይመጥን ሰው ነው። ከዚያ ጄኔራል አንቶኒ ዌይን ይመጣል፤ ያሠለጥናል፤ ያሸንፋል። ሩዝቬልት የስንቁን ጉዳይ ጨርሶ አልዘነጋውም፤ ያነሳዋል። የሚያነሳው ግን ለትረካው እንደ ማጀቢያ እንጂ እንደ ምክንያት አይደለም።

ይህ አፈራረድ የሚቆመው አንድ ሰነድ ችላ ሲባል ብቻ ነው። ሰነዱ የተደበቀ አይደለም፤ ከመንግሥት ወረቀቶች ጋር ታትሞ ማንም ሊያነበው ይችላል። የተወካዮች ምክር ቤት በማርች 1792 በፔንሲልቬኒያው ተወካይ በቶማስ ፊትስሲመንስ የሚመራ መርማሪ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኮሚቴውም በሜይ 8 ሪፖርቱን አቀረበ። አብዛኛው ጸሐፊ ይህን ሪፖርት የሚያስታውሰው በሌላ ነገር ነው፦ የአሜሪካ ምክር ቤት አስፈጻሚውን ሲመረምር የመጀመሪያው በመሆኑና ፕሬዚዳንት ዋሽንግተን ሰነድ ልስጥ ወይስ ልከልክል ብሎ ካቢኔውን ያማከረበት አጋጣሚ በመሆኑ። የሕግ ታሪክ ጸሐፊዎች ሽፋኑን አክብረው ውስጡን ሳያነብቡ አልፈውታል ብል አላጋነንኩም። ሪፖርቱ ሴንት ክሌርን ነጻ አውጥቶ ለሽንፈቱ ሦስት ምክንያቶች በተርታ ያስቀምጣል። አንደኛ፣ ዘመቻውን የፈቀደው ሕግ ዘግይቶ መውጣቱ፤ ሁለተኛ፣ በኳርተርማስተሩ (በዕቃና በመጓጓዣ ኃላፊው) እና በስንቅ ተቋራጩ ዘርፍ የታየው ከባድና ልዩ ልዩ ብልሹ አሠራር ያስከተለው መጓተት፤ ሦስተኛ፣ የወታደሩ የሥልጠናና የልምድ ማነስ። ሩዝቬልት ሦስተኛውን አንደኛ አደረገው።

ሕጉ የወጣው በማርች 3 ቀን 1791 ነበር። ለስድስት ወር ብቻ የሚያገለግሉ 2,000 ምልምሎች እንዲቀጠሩ ፈቀደ። የዘመቻው ዓላማ ከፎርት ዋሽንግተን፣ ማለትም ከዛሬዋ ሲንሲናቲ፣ ተነሥቶ በማያሚዎቹ ዋና መንደር በኬኪዮንጋ ምሽግ መሥራት ነበር። የጦር ሚኒስትሩ ሄንሪ ኖክስ ጦሩ በጁላይ እንዲንቀሳቀስ አቅዶ ነበር። ሴንት ክሌር በሜይ አጋማሽ ፎርት ዋሽንግተን ደረሰ። የዕቃና የመጓጓዣ ኃላፊው ኳርተርማስተር ጄኔራል ሳሙኤል ሆጅደን ግን በማርች ተሹሞ እዚያ የደረሰው በሴፕቴምበር ነው። የስድስት ወር ቅጥረኛን ይዞ የሚዘምት ጦር የዕቃ ኃላፊውን በስድስተኛው ወር ከተቀበለ፣ ስለ ወታደሩ ዲሲፕሊን ከመጠየቅ በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ።

ከሆጅደን ቀድሞ የደረሰው ዕቃ ምን ይመስል ነበር? ኮሚቴው የጻፈውን ማየት ይበቃል። ድንኳኑ፣ የጀርባ ቦርሳው፣ የካምፕ ድስቱና የጥይት መያዣው በቁጥርም በጥራትም ጎደሎ ነበር። የጭነት ኮርቻው ፎርት ፒት (የዛሬዋ ፒትስበርግ) አካባቢ በቀላሉ ሊሠራ ሲችል ፊላደልፊያ ተሠርቶ፣ ተራራ ተሻግሮ፣ ዋጋው ንሮ መጣ፤ ሲደርስም ለፈረሶቹ ሰፊ ሆነ። ሁለት ተንቀሳቃሽ የአንጥረኛ ምድጃዎች ተላኩ፤ የጋለው ብረት ተቀምጦ የሚቀጠቀጥበት መስፍ ግን አልተላከም። ሴንት ክሌር በበኩሉ ፎርት ዋሽንግተን ላይ ጠመንጃ ሲጠገን፣ የመድፍ መንኮራኩር ሲሠራና ጥይት ሲታሸግ ወራት መባከናቸውን ጽፏል። አናጢውም አንጥረኛውም ከወታደሩ መካከል ተፈልጎ የወጣ ነበር። እንግዲህ ሩዝቬልት ሥልጠና አላገኘም የሚለው ወታደር ሥልጠና ሊያገኝ በሚገባው ሰዓት የት እንደነበር ታወቀ፦ መጋዝ ላይ ነበር።

የምግቡ ነገር ከዕቃው የከፋ ነው። በ1790 በወጣው ሕግ መሠረት የአንድ ወታደር የቀን ራሽን አንድ ፓውንድ የበሬ ሥጋ፣ አንድ ፓውንድ ዳቦ ወይም ዱቄት፣ እንዲሁም ጥቂት አረቄ ነው፤ ለመቶ ራሽን ደግሞ ጨው፣ ኮምጣጤ፣ ሳሙናና ሻማ ይታሰባል። በሬ በእግሩ ይሄዳል። ዱቄት አይሄድም። ጦሩ ሲነሣ ወደ 2,000 የሚጠጋ ነበርና በቀን 2,000 ፓውንድ ዱቄት ይፈልጋል። አንድ አጋሰስ በጫካ መንገድ የሚችለው 200 ፓውንድ ገደማ፣ ማለትም ከአንድ ኩንታል ጥቂት ያነሰ ነው ብንል፣ ለአንድ ቀን ዱቄት ብቻ አሥር አጋሰስ ያስፈልጋል። ጦሩ በኦክቶበር አጋማሽ ፎርት ጀፈርሰንን ሲሠራ ከፎርት ዋሽንግተን ወደ 70 ማይል ርቆ ነበር። ደርሶ መልሱን አሥር ቀን እንቁጠረው፤ ለዱቄት ብቻ መቶ አጋሰስ ያለ ዕረፍት መመላለስ ነበረበት ማለት ነው። ጥይቱ፣ ድንኳኑና የራሳቸው የፈረሶቹ መኖ ገና አልተቆጠረም። ውርጭ ሣሩን ከመታው በኋላ ደግሞ ፈረሱ ከመንገድ ዳር የሚግጠው አልነበረም። ይህ የእኔ ስሌት ነው፤ በአንዱ ወይም በሌላው ቁጥር ሊሸራረፍ ይችላል። አቅጣጫው ግን አይቀየርም።

ይህን ሸክም የተረከበው ማን ነበር? በኦክቶበር 1790 ቴዎዶሲየስ ፎውለር የሚባል ሰው ከገንዘብ ሚኒስቴር ጋር የራሽን ውል ፈረመ፤ በጃንዋሪ 1791 ውሉን ለዊልያም ዱየር አስተላለፈ። ዱየር የገንዘብ ሚኒስትሩ የአሌክሳንደር ሃሚልተን ምክትል የነበረ፣ የኒውዮርክ የአክሲዮን ነጋዴ ነው። ጦሩ እስከ ፎርት ፒት ለሚበላው ደግሞ ከጦር ሚኒስቴር ጋር ሌላ ውል ገባ። ለዚህኛው ያስያዘው ግዴታ 4,000 ዶላር ብቻ ነበር፤ ያውም ያለ ዋስ። ዱየር ገንዘቡን በቦንድና በአክሲዮን ሲያሽከረክር ቆይቶ በማርች 1792 ኪሳራ ገብቶ ታሰረ፤ በ1799 ሲሞትም ከባለዕዳነቱ አልተፈታም። ለታሪክ ጸሐፊ እንዲህ ያለ ባለጌ የሰማይ ስጦታ ነው። ሩዝቬልት ያላየውን ያዩት የኋለኞቹ ጸሐፊዎችም በአብዛኛው እዚህ ይቆማሉ፦ ዱየር ሰረቀ፣ ጦሩ ተራበ። ይሁንና ጥያቄው የዱየር ስግብግብነት አይደለም። ምግብን በገንዘብ ሚኒስቴር ውል፣ ዕቃን በጦር ሚኒስቴር ሹም እጅ ያደረገው አደረጃጀት አጋሰሱን ባለቤት አልባ አድርጎታል። የተቋራጩ ፈረስና የኳርተርማስተሩ ፈረስ ለየብቻ ይቆጠራሉ፤ አንዱ ሲጎድል ጄኔራሉ ከሌላው ይጎትታል፤ የተጎተተበት ደግሞ ይቆማል። ፈረሶቹ ያለ ቃጭልና ያለ እግር ማሰሪያ ጫካ ውስጥ ሲጠፉ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚነግረን ውል የለም። ዱየር ጨዋ ሰው ቢሆን ኖሮም በዚያ አደረጃጀት ዱቄቱ በጊዜ የሚደርስ አይመስለኝም።

ሽንፈቱን ከወታደሩ ጠባይ ጋር ብቻ ለሚያያይዝ አንባቢ አንድ ሳምንት ብቻ ላሳይ። በኦክቶበር ማብቂያ ጦሩ ዱቄት የሚበላው በግማሽ ራሽን ነበር፤ የስድስት ወር ጊዜያችን አለቀ የሚሉ ምልምሎችም መሰናበት ጀምረዋል። በኦክቶበር 31 ስልሳ ያህል የኬንታኪ ሚሊሻዎች ከዱ። ሴንት ክሌር የፈራው መክዳታቸውን ሳይሆን ከኋላ የሚመጣውን የዱቄት ቅፍለት እንዳይዘርፉት ነው። ስለዚህ ቅፍለቱን እንዲጠብቅ በሜጀር ጆን ሃምትራምክ የሚመራውን አንደኛ ሬጅመንት ወደ ኋላ ላከ። ይህ ክፍል ወደ 300 የሚጠጋ መደበኛ ወታደር ያለው፣ ከጦሩ ሁሉ የሠለጠነ ነበር። በኖቬምበር 4 ማለዳ ሃምትራምክ የመድፉን ድምፅ ከሩቅ ሰማ፤ ውጊያው ላይ ግን አልደረሰም። ሩዝቬልት አልነበረም የሚለው ሥልጡን ወታደር ነበረ፤ የቆመው ግን ዱቄት ጥበቃ ላይ ነው።

የዚያው ቀን ምሽት ከዚህ ይብሳል። የተረፉት 29 ማይል ሸሽተው ፎርት ጀፈርሰን ሲገቡ የሚበላ አልነበረም። አዛዦቹ መክረው መራመድ የሚችለውን ሁሉ በዚያው ሌሊት ወደ ደቡብ አስነሡ፤ ቁስለኛው ምሽጉ ውስጥ ቀረ። የሩዝቬልትን መላምት ይዞ ይህን ውሳኔ ማስረዳት ያስቸግራል።

ሦስት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው፣ ሴንት ክሌር በ1812 ያሳተመው ትረካ ራሱን ለመከላከል የተጻፈ ነው የሚል ነው። እውነት ነው፤ ኮሚቴው ግን ተመሳሳይ ነገር የጻፈው ከሃያ ዓመት በፊት ነበር። ሁለተኛው፣ ኖክስና ሆጅደን ተቃውመው ኮሚቴው በ1793 ሁለተኛ ሪፖርት አውጥቷል ይላል። አዎ፣ አንዳንድ አንቀጾች ለዝበዋል፤ ጄኔራሉን ተጠያቂ ለማድረግ ግን አልተመለሰም። ሦስተኛው የካሎዌይ ነው፦ ድሉ የኅብረቱ ተዋጊዎች ችሎታ ውጤት እንጂ የአሜሪካውያን ስሕተት ብቻ አይደለም ይላል። በዚህ እስማማለሁ። ነገር ግን ከጁላይ እስከ ኖቬምበር የዘገየ ጠላት ለሊትል ተርትልና ለብሉ ጃኬት መሰብሰቢያ ጊዜ ሰጥቷልና ክርክሩ የእኔን ነጥብ ያጠናክራል። የመጨረሻው ቃል ይህ ነው ለማለት አልደፍርም፤ የሆጅደን የደብዳቤ ልውውጥ በዚህ ዓይን እንደገና መነበብ አለበት።

ዌይንስ? ሩዝቬልት የ1794ቱን የፎለን ቲምበርስ ድል ለሥልጠናው ይሰጠዋል። ዌይን በ1793 መኸር ወደ ፊት ሳይገፋ ግሪንቪል ላይ የከረመው ግን ኤልየትና ዊልያምስ የተባሉት አዲሶቹ ተቋራጮች በቂ ስንቅ ስላላደረሱለት ጭምር ነው። በዚያው ኦክቶበር አንድ ቅፍለቱ ተመትቶ ሌተናንት ሎውሪ ተገደለ። በጁን 1794 መጨረሻ ኅብረቱ የዌይንን ምሽግ ፎርት ሪከቨሪን ሲያጠቃም መጀመሪያ የወደቀው ከምሽጉ ደጅ በነበረው የአጋሰስ ቅፍለት ላይ ነው። ተዋጊዎቹ የአሜሪካን ጦር ደካማ ጎን ከሩዝቬልት የተሻለ ያውቁ ነበር። ዌይን ከሴንት ክሌር የተለየው ምሽጎቹን አንድ በአንድ እየሞላ ለመጠበቅ ጊዜ ስለተሰጠው ነው፤ የእሱ ወታደር በስድስት ወር አይሰናበትም ነበር።

ምክር ቤቱም ቢሆን የራሱን ኮሚቴ በትክክል ማንበቡ ያጠራጥራል። ሪፖርቱ በቀረበበት በዚያው ዕለት፣ በሜይ 8 ቀን 1792፣ የወጣ ሕግ የጦሩን ግዢና ውል በሙሉ ለገንዘብ ሚኒስቴር አስረከበ፤ ይኸውም የዱየርን የራሽን ውል ለያዘው መሥሪያ ቤት ነው። የጦር ሚኒስቴር ይህን ሥልጣን መልሶ ያገኘው በ1798 ነበር።