ውሃ በመቶ ዲግሪ የሚፈላው የት ነው?

እስቲ ዛሬ በጥያቄ እንጀምር። ውሃ በስንት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል? መቼም «በመቶ» የማይል ተማሪ የለም። ፈተና ላይም ነጥብ የሚያገኘው «በመቶ» ያለው ነው። እኛ ግን አዲስ አበባ ላይ ተቀምጠን ይህን መልስ ልንሞግተው ነው። እዚህ ከተማ ክዳኑን ከፍተን የጣድነው ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል። ከዚያ ወዲያ እሳት ቢጨመርበት ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚህ በላይ አይሞቅም። ታዲያ መቶን ማን አመጣው?

ቴርሞሜትር ሲጀመር ቁጥር አልነበረውም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ጣሊያን ውስጥ ብቅ ያለውና ብዙዎች የጋሊሊዮ ሥራ ነው የሚሉት መሣሪያ፣ አንገቱ የረዘመ፣ አፉ ውሃ ውስጥ የተደፋ የብርጭቆ ዕቃ ነበር። በውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ ውሃው ይወርዳል፤ ሲቀዘቅዝ ይወጣል። «ሞቀ» ወይም «በረደ» ይላል እንጂ «ይህን ያህል» አይልም። ጣሊያናዊው ሐኪም ሳንቶሪዮ መስመር አሰመረበትና የሕመምተኞችን ሙቀት ሊለካበት ሞከረ።

ሆኖም አንድ የተደበቀ ጣጣ ነበር። መሣሪያው ለአየር ክፍት ስለሆነ የአየር ግፊት በተለወጠ ቁጥር ውሃው ይወጣል፣ ይወርዳል። ሙቀት እለካለሁ ያለ ሰው ሳያውቀው ግፊትም ይለካ ነበር ማለት ነው! የአየርን ግፊት የሚያሳየው የቶሪቼሊ የሜርኩሪ ባሮሜትር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1643 ነው። በ1650ዎቹ ደግሞ በቶስካናው መስፍን በፈርዲናንድ 2ኛ ቤተ መንግሥት አልኮል የተሞላ የብርጭቆ ቱቦ ጫፉ ተደፍኖ ተሠራ። ሙቀትና ግፊት በዚህ ተለያዩ።

ቀጥሎ የመጣው ችግር የስምምነት ነበር። እያንዳንዱ ሠሪ በራሱ ዕቃ ላይ የራሱን ምልክት ያደርጋል። የአንዱ «አሥር» ለሌላው ምንም አይደለም። ዳንዚግ ተወልዶ አምስተርዳም ውስጥ መሣሪያ ይሠራ የነበረው ፋራናይት እ.ኤ.አ. በ1714 ሜርኩሪ የተጠቀመ ቴርሞሜትር ሠራ። በ1724 ደግሞ መለኪያውን ይፋ አደረገ። የበረዶ፣ የውሃና የአሞኒየም ክሎራይድ ጨው ድብልቅ ዜሮ፤ በረዶና ውሃ 32፤ የጤነኛ ሰው ሙቀት 96 ሆነ። ስዊድናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አንደርስ ሴልሺየስ በ1742 ነገሩን አቀለለው። ሁለት ምልክት ብቻ፣ ሁለቱም ከውሃ። የሚገርመው ግን እሱ ዜሮ ያለው የሚፈላውን፣ መቶ ያለው የሚበርደውን ነው! ዛሬ የምናውቀው አቀማመጥ የተገለበጠው እሱ በ1744 ከሞተ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሴልሺየስ ራሱ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ከአየር ግፊት ጋር እንደሚለዋወጥ አውቆ ጽፎታል። መቶ የተባለው በባሕር ጠለል ላይ ባለው ግፊት ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ውሃውን ከላይ የሚጫነው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቶሎ ይፈላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል ብንል ብዙ አንሳሳትም። ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ 85 ገደማ ይሆናል። ከባሕር ጠለል በታች ባለው ዳሎል ግን ከመቶም በትንሹ ያልፋል። ቁጥሩ መጽሐፉ ውስጥ ቀረ፤ ከቁጥሩ ጋር የነበረው «በባሕር ጠለል ላይ» የሚለው ቅድመ ሁኔታ ግን መንገድ ላይ ወደቀ።

ይህን ልዩነት እንደ ችግር ሳይሆን እንደ መሣሪያ የተጠቀሙበትም አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1838 እስከ 1848 ድረስ በኢትዮጵያ የቆየው አንቷን ዳባዲ የሀገሪቱን ካርታ ሲሠራ ውሃ እያፈላ የፈላበትን ሙቀት በማንበብ የቦታዎችን ከፍታ ያሰላ ነበር። ቴርሞሜትሩ የተራራ መለኪያ ሆነለት ማለት ነው።

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» የሚለን አንባቢ አይጠፋም። ባቄላና ሽምብራ ደጋ ላይ ለመብሰል ጊዜ መፍጀቱ አንዱ መልስ ነው። የሚያሳስበን ግን ሌላው ነው። የሕክምና ዕቃ የሚቀቀልበት አውቶክሌቭ ጀርም እንዲገድል 121 ዲግሪ መድረስ አለበት። ለዚህም የግፊት መለኪያው 15 ፒ.ኤስ.አይ. እንዲያሳይ ይደረጋል። ነገር ግን ይህ መለኪያ የሚያሳየው በውስጥና በውጭ ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ላይ የውጭው ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ መለኪያው 15 ሲል ውስጡ ያለው እንፋሎት 117 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። 121 ለማግኘት መለኪያው ወደ 19 መጠጋት አለበት። የሙቀት መለኪያ ያላቸው ማሽኖች ይህን ራሳቸው ያሳያሉ። በግፊት መለኪያ ብቻ የሚሠራበት ደጋማ ጤና ጣቢያ ግን ከፍታውን የሚያሰላ ሰው ያስፈልገዋል፤ ካልሆነ «ተቀቅሏል» የተባለው መቀስ በትክክል ላይቀቀል ይችላል። መለኪያው አልዋሸም። ያነበበው ሰው ግን የት እንደቆመ ረስቷል።

ስለዚህ ጥያቄያችን ለመምህራንና ለመጽሐፍ አዘጋጆች ነው። ልጆቻችን «መቶ» ብለው እንዲሸመድዱ ከማድረግ አንድ ድስት ውሃና አንድ ቴርሞሜትር ይዞ ክፍል መግባት አይሻልም ወይ? አዲስ አበባ ላይ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ገብቶ 92 ያለው ቴርሞሜትር ጤነኛ ነው። መቶ ካለ ግን ጣሉት፤ ተበላሽቷል።

ቸር ይግጠመን።